የውቅያኖስ ገንዳ እንዴት እንደሚፈጠር፤ ከሐይቅ ዳር እስከ ዳሎል

ይህች ትንሽ ጽሑፍ በገጠር ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ መምህራንና ፊደል ለሚያውቁ አረጋውያን የተዘጋጀች ናት። በውስጧ የተጻፈው የዓመት ቍጥር ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር፥ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ምድር ሌሊትና ቀን ስትናወጥ በነበረችበት ወራት፥ ዘመድ ልጠይቅ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሐይቅ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በእስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን፥ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፥ አንተ የጽሕፈት ቤት ሰው ነህ፤ ወሬ ይደርስሃል። አገራችን ለሁለት ተከፍላ ባሕር ሊገባባት ነው ይላሉ። ነገሩ እውነት ከሆነ ለልጆቼ ቤት እዚሁ ልሥራላቸውን ወይስ ወደ ደጋ ልውጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በአጠገባችን የነበረ አንድ ወጣት መምህርም፥ ተማሪዎቹ ይህንኑ ቢጠይቁት መልስ አጥቶ «ዝም ብላችሁ ትምህርታችሁን ተማሩ» እንዳላቸው በትሕትና ነገረን። እኔም በዚያ ሰዓት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበረ። የሽማግሌው ጥያቄ ግን የቤትና የልጅ ጥያቄ ነውና በአጭር ቃል የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አሰብሁ።

፩. የሐይቅን ጐድጓዳ ማን ቈፈረው

የአገሩ አረጋውያን ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሲተርኩ፥ ጥንት በዚህ ስፍራ ውኃ አልነበረም፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ቢደርስባት፥ እግዚአብሔር ስለ ግፏ ተቈጥቶ እርሷ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችበትም ስፍራ ገዳሙ ያለበት ደሴት ሆነ ይላሉ። ይህ ትረካ ስለ ግፍና ስለ ፍርድ የሚያስተምር ነውና ልጆች ሊሰሙት ይገባል። ከዚህም ጋራ አንድ ነገር ልብ እናድርግ። አባቶቻችን ዛሬ ውኃ የተኛበት ስፍራ ቀድሞ ደረቅ ምድር እንደ ነበረ ይናገሩ ነበር። የመሬት ጥናት ሊቃውንትም በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋራ ይስማማሉ።

የሐይቅ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፥ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱም ከሁሉ በሚጠልቅበት ስፍራ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከእርሱ ከፍ ብሎ ታናሽ እኅቱ አርዲቦ አለች። ከሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የዝናቡ ብዛትና ማነስ ወዲያው በውኃው ከፍታ ይታወቃል፤ ቀድሞ ደሴት የነበረው የገዳሙ ስፍራም ውኃው በመሸሹ ዛሬ ከየብስ ጋራ የተያያዘ ልሳነ ምድር ሆኗል።

ይህን ጐድጓዳ የቈፈረው ወንዝ አይደለም፤ ወንዝ የቈፈረው ሸለቆ መውጫ አለውና። ጐድጓዳው የተፈጠረው ምድር ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስትሳብ በሁለት ስብራት መካከል ያለው ቍራሽ ወደ ታች ስለ ሰመጠ ነው። በዚህ ዓይነት የተፈጠሩ ጐድጓዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ መቍጠሪያ በአንድ መሥመር ተሰልፈው ይገኛሉ። የሐይቅ ጐድጓዳ አንዱ ነው፤ የቦርከና ሸለቆ ከኮምቦልቻ በከሚሴ አልፎ ወደ ካራቆሬ የሚወርደው ሌላው ነው። ይህም መሥመር የወሎና የሸዋ ደጋ የሚያበቃበት፥ የአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚጀምርበት የአጥር ጥግ ነው።

እንግዲህ ሐይቅ ለብቻው የቆመ ውኃ አይደለም። ገና በመወለድ ላይ ያለ የአንድ ታላቅ ገንዳ የጠርዝ ስንጥቅ ነው። ያም ታላቅ ገንዳ ከአምባሰል ተራራ ወዲያ በምሥራቅ የተዘረጋው የአፋር ምድር ነው። ይህን ለመረዳት ግን አስቀድመን ውቅያኖስ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልገናል።

፪. ውኃው ሌላ፥ ገንዳው ሌላ

በግእዝ ቀላይ የሚባለው ጥልቅ የውኃ ስፍራ ነው። ብዙ ሰው ውቅያኖስ ሲባል የሚያስበው ውኃውን ብቻ ነው። ነገር ግን ውኃ ዝቅ ያለ ስፍራ ካላገኘ አይጠራቀምም፤ እንስራ ከሌለ ውኃ አይቀዳም። ስለዚህ በውኃውና ውኃው በተኛበት ገንዳ መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪዎች አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል።

በምድር ላይ ካለው ውኃ ከመቶው 97 ያህሉ በውቅያኖሶች ገንዳ ተጠራቅሞ ይኖራል። የውቅያኖሶች ጥልቀት በመካከለኛ ግምት 3,700 ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ የሚጠልቀው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ማሪያና በተባለው ስፍራ ያለው ሲሆን 10,900 ሜትር ያህል ይወርዳል። ምድር ተራራና ጐድጓዳ ሳይኖራት ሁለንተናዋ ደልዳላ ብትሆን ኖሮ፥ ይህ ውኃ ሁሉን አልብሶ ከ2,500 ሜትር በላይ በጠለቀ ነበር። ያን ጊዜ እርሻም፥ ከተማም፥ ሰውም ባልኖረ ነበር። እንግዲህ የብስ የተገኘው ገንዳዎቹ ውኃውን ሰብስበው ስለ ያዙ ነው። ከባሕር ርቆ የሚኖር ገበሬ እንኳ የሚያርሰውን መሬት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዳዎቹስ ለምን ዝቅ አሉ? የመሬት ቅርፊት ሁለት ዓይነት ነው። የየብስ ቅርፊት ቀለል ካለ ድንጋይ የተሠራና ወፍራም ነው፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የውቅያኖስ ወለል ቅርፊት ግን ባዛልት ከተባለው ከባድ ጥቁር ድንጋይ የተሠራና ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም የተቀመጡት ከሥራቸው ባለ ዐለት ላይ ነው። ያም ዐለት ጠጣር ቢሆንም በብዙ ዘመን ውስጥ እንደ ሞቀ ሰም ቀስ እያለ የሚለጠጥ ነው። ወፍራምና ደረቅ የደንገል ታንኳ በውኃ ላይ ከፍ ብሎ እንደሚንሳፈፍ፥ ቀጭንና ውኃ የጠጣ ታንኳም ዝቅ ብሎ እንደሚቀመጥ፥ የብስና የውቅያኖስ ወለልም እንዲሁ ናቸው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በየብስ ላይ ዕድሜያቸው ከ3,000 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ድንጋዮች ይገኛሉ። በታላላቆቹ ውቅያኖሶች ወለል ላይ ግን ከ200 ሚሊዮን ዓመት እምብዛም የሚበልጥ አይገኝም። ውቅያኖስ ከሁሉ በፊት የነበረ ይመስለን ነበር፤ ወለሉ ግን ከየብስ ጋራ ሲነጻጸር ሕፃን ነው። ምክንያቱም የውቅያኖስ ወለል ዘወትር በአንድ በኩል ይወለዳል፥ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ምድር ሆድ ተመልሶ ይገባል። የሚወለደው በውቅያኖሶች መካከል በተዘረጋ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ነው፤ የሰንሰለቱም ርዝመት 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ምድርን ይዞራል። የሚቀበረው ማሪያናን በመሰሉ ጥልቅ ሸለቆዎች ነው።

፫. ገንዳው የሚከፈትበት ሥርዐት

አልፍሬድ ቬገነር የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1904 ዓ.ም. የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ዳርቻዎች እንደ ተሰበረ ገል ቍራሾች እንደሚገጥሙ አይቶ፥ አህጉራት ቀድሞ አንድ እንደ ነበሩና በኋላ እንደ ተለያዩ አስተማረ። የሚያንቀሳቅሳቸውን ኀይል ግን ሊያሳይ ስላልቻለ ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ማሪ ታርፕ የተባለች አሜሪካዊት የአትላንቲክን ወለል ጥልቀት በመርከብ ከተለካው ቍጥር እያወጣች ስትሥል፥ በመካከሉ ባለው የተራራ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ረጅም ስንጥቅ አገኘች። ያም ስንጥቅ በምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ስምጥ ሸለቆ የሚመስል ነበረ። ከዚህ በኋላ የውቅያኖስ ወለል በመካከሉ እየተከፈተ እንደሚሰፋ በብዙ ማስረጃ ተረጋገጠ፤ በዛሬው ዘመንም በሳተላይት አማካይነት የየብሶች ጕዞ በሚሊሜትር ይለካል።

የመከፈቱ ሥርዐት በአራት ደረጃ ይገለጣል። ለዚህም የእንጀራ እናቶችና እኅቶቻችን የሚያውቁት ሊጥ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጠንከር ያለ ሊጥ በሁለት እጅ ይዘን ቀስ ብለን ብንስበው፥ መጀመሪያ መካከሉ ይሳሳል፤ ቀጥሎ ይጐደጕዳል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻ ይበጠሳል።

መጀመሪያው ደረጃ ማበጥ ነው። ከምድር ሆድ የሚወጣ ሙቀት ቅርፊቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፥ የቀለጠ ዐለትም ይፈስሳል። በአገራችን ይህ የሆነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ጊዜ የፈሰሰው የቀለጠ ዐለት ንብር በንብር እየተደራረበ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2,000 ሜትር የሚደርስ ውፍረት አበጀ። የወሎ ደጋ የተሠራው ከዚህ ነው። የአምባሰልን ገደል ያየ፥ ወደ ግሸንም የወጣ ሰው፥ ገደሉ ደረጃ በደረጃ ተደርድሮ የሚታየው ስለምን እንደ ሆነ ከዚህ ሊረዳ ይችላል። ደረጃዎቹ የእሳተ ገሞራ ፍሳሾች ናቸው።

ሁለተኛው ደረጃ መሳብና መስመጥ ነው። ያበጠው ምድር ወደ ጐንና ጐን ሲሳብ ይሰበራል፥ በስብራቶቹም መካከል ሸለቆ ይሆናል። ከዝዋይ ጀምሮ እስከ ዐባያና ጫሞ ድረስ ሐይቆች የተደረደሩበት ስምጥ ሸለቆ በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ሦስተኛው ደረጃ መሳሳት ነው። የየብሱ ቅርፊት እጅግ ይቀጥናል፤ ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች ይወርዳል፤ በስንጥቆቹም ባዛልት ከታች ይገባል። አፋር በዚህ ደረጃ ላይ ይገኛል። አራተኛው ደረጃ የባሕር መግባትና የአዲስ ወለል መወለድ ነው። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ እዚህ ደርሰዋል። የቀይ ባሕር መካከል ከ2,500 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ስፍራ አለው፤ በዚያም ወለሉ የየብስ ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ አዲስ ባዛልት ሆኗል። አትላንቲክም በጥንት ዘመን እንዲህ ጠባብ ሆኖ ጀምሮ ነው ዛሬ ሰፊ የሆነው።

ልብ አድርጉ፤ ከስምጥ ሸለቆ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ሁለተኛው፥ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ተራ በተራ ሆነው በአንድ አካባቢ ይታያሉ። ሦስቱ ክንዶች፥ ማለት ቀይ ባሕር፥ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፥ የሚገናኙት በአፋር ነው። ስለዚህ የዓለም ሊቃውንት የውቅያኖስን ልደት በእግራቸው ቆመው ለማየት ሲፈልጉ ወደ አገራችን ይመጣሉ።

፬. በባቲ ቍልቍለት እስከ ዳሎል

ይህን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመንገድም ማየት ይቻላል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሰኞ ገበያ ወደሚቆምባት ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው፥ መኪናው በተጠማዘዘ ቍጥር ሙቀቱ እየጨመረ፥ ደጋው ከኋላው እንደ ግንብ እየቆመ ሲሄድ ያያል። ያ ግንብ አንድ ገደል አይደለም፤ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ብዙ ገደል ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ስብራት ነው። ሚሌ ሲደርስ ከፍታው 500 ሜትር ያህል ብቻ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሰሜን አልፎ ወደ አፍዴራና ወደ ዳሎል የሚዘልቅ ሰው ከባሕር ጠለል በታች ይወርዳል፤ የዳሎል አካባቢ 120 ሜትር ያህል ከጠለል በታች ነው።

ወንዞቻችንም ይህን መንገድ ይመሰክራሉ። የሚሌ ወንዝ ከሱሉላ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ፥ ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ብዙ አገር አቋርጦ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። ወደ ባሕር የማይደርሰው ዝቅተኛው ምድር በመንገድ ተቀብሎ ስለሚያስቀረው ነው። እንግዲህ የደጋችን አፈር ነገ ውቅያኖስ ወደሚሆነው ገንዳ ወለል እየወረደ ይጠራቀማል። ይህም ጥቅም አለው፤ በሐዳር በ1967 ዓ.ም. በኅዳር ወር የተገኘችውን፥ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን የድንቅነሽን ዐፅም ጠብቆ ያቈየልን በዚህ ገንዳ የተጠራቀመ ደለል ነው።

ከዳሎል አካባቢ ስለሚወጣው ጨው አረጋውያን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። አሞሌ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ፥ በገበያም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ያ ጨው ከወዴት መጣ? ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ከአንድ ጊዜ በላይ ወደዚህ ዝቅተኛ ምድር ገብቶ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፥ ከባሕር ውስጥ በቀር የማይበቅለው የዛጎል ድንጋይ በገንዳው ዳርና ዳር ዛሬም ይታያል። ኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውኃው በፀሓይ ተነነ፤ ጨው ቀረ። እንግዲህ አያቶቻችን አሞሌ በእጃቸው ሲይዙ የጥንት ባሕር ቅሪት ይዘው ነበር። በዛሬው ዘመንም ከአገራችን ጨው ብዙው የሚመጣው በዚሁ ገንዳ ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው።

፭. በ1998 ዓ.ም. የታየው ነገር

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር አዲሱ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን፥ በአፋር በዳባሁ ተራራ አካባቢ ምድር መናወጥ ጀመረች። በ16ኛውም ቀን ምድር ተሰንጥቃ ዐመድና ድንጋይ ተፋች። ሊቃውንት በሳተላይት ቢለኩት፥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መሥመር የቀለጠ ዐለት ከታች ገብቶ ምድሩን እንደ ሽብልቅ ከፍሎት ነበር። እጅግ በተከፈተበት ስፍራ 8 ሜትር ያህል ሰፍቶ ተገኘ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስም በዚያው መሥመር የቀለጠ ዐለት ከዐሥር ጊዜ በላይ እየተመላለሰ ገባ። ሊቃውንት በውቅያኖስ ወለል በጨለማ የሚፈጸመውን ሥራ በደረቅ ምድር፥ በብርሃን አዩት።

ከዚህ የምንማረው ገንዳው የሚከፈተው በየቀኑ እኩል እየተራመደ እንዳልሆነ ነው። ብዙ ዘመን ይታገሣል፤ ኀይሉ ሲጠራቀም በአንድ ጊዜ ይከፈታል። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 14 ቀን በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው፥ በታሪክ መፈንዳቱ ያልታወቀ ተራራ ፈንድቶ ዐመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ አገር መድረሱ የዚሁ ሥራ አንድ ምልክት ነው።

፮. ለሽማግሌው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። አገር ተከፍላ ባሕር ሊገባ ነውን? በአፋር በኩል የዐረብ ምድር ከአፍሪካ የሚርቀው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ መጠን ነው፤ ይህም ጥፍራችን በዓመት ከሚያድገው ያንሳል። ወደ ደቡብ ባለው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ መለያየቱ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ ገዳሙን ካቀኑ ወዲህ 770 ዓመት ያህል አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን የዐረብ ምድር ከአፍሪካ የራቀው ዐሥራ አራት ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር እስከ ደጀ ሰላሙ ቢለካ ይሞላዋል። ስለዚህ ሰፊ ባሕር እስኪሆን ድረስ የሚፈጀው ጊዜ በሚሊዮን ዓመት የሚቈጠር ነው። ባሕርን ፈርቶ መሬቱን የሚሸጥ፥ ቀዬውንም የሚለቅ ሰው ያለ ምክንያት ይጐዳል።

ነገር ግን «አትፍሩ» ብሎ ብቻ መሄድም ስሕተት ነው። የሚያሰጋው ባሕሩ ሳይሆን የመሬት መንቀጥቀጡ ነውና። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር በካራቆሬ አካባቢ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፥ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ። ይህ ስፍራ ከላይ እንዳልነው ከሐይቅ ጐድጓዳ ጋራ በአንድ መሥመር የተሰለፈ ነው። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ወር በአፋር የሰርዶ መንደር ፈርሳ ሰዎች ሞቱ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። በሐይቅና በአምባሰል የሚኖር ሰው እንግዲህ ይህን የቤቱ ጕዳይ አድርጎ ሊያስበው ይገባል።

ሰውን የሚገድለው የምድር መናወጥ ራሱ አይደለም፤ የሚወድቅ ግድግዳና የሚንከባለል ድንጋይ ነው። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው አራት ነገር ያስብ። አንደኛ፥ ቋጥኝ ከሚፈነቀልበት ገደል ሥር አይሥራ። ሁለተኛ፥ ውኃ በሸሸበት ለስላሳ የሐይቅ ዳር ጭቃ ላይ አይሥራ፤ እንዲህ ያለ አፈር ሲናወጥ ከዐለት ይልቅ ይርገበገባልና። ሦስተኛ፥ ድንጋይን በጭቃ ብቻ እያያዘ ከፍ አድርጎ አይካብ፤ በግድግዳው ዙሪያ እንጨት እያስገባ ማእዘኖቹን እርስ በርሳቸው ይሰር። ማገሩ በሚገባ የታሰረ የእንጨትና የጭቃ ቤት ያለ እንጨት ከተካበ የድንጋይ ቤት ይልቅ መናወጥን ይታገሣል። አራተኛ፥ ጣራውን ቀላል ያድርግ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ብሎ በቈርቈሮው ላይ ድንጋይ አይጫን፤ በሚስማርና በሽቦ ይሰረው እንጂ።

በትምህርት ቤትም ምድር በተናወጠ ጊዜ፥ ወደ በር የቀረበ ልጅ ወደ ሜዳ ይውጣ፤ የራቀ ግን በሩጫ ከመጋፋት ይልቅ ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱን በክንዱ ይሸፍን። መናወጡ ሲያቆም ሁሉም ከግድግዳ ርቆ በሜዳ ይቁም፥ መምህሩም በስም መዝገቡ ይቍጠራቸው። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያለማምዷቸው ልጆቹ በመከራ ቀን አይደናገጡም።

ገንዳዎቹ በሌላም መንገድ ይነኩናል። የበልጋችን ዝናብ ርጥበቱን ከሕንድ ውቅያኖስ ያመጣል፤ ለክረምቱም ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋራ አትላንቲክ ድርሻ አለው። በሩቁ በፓሲፊክ ገንዳ ያለው ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የነፋሳት አካሄድ ይለወጣል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት በምሥራቅ አማራ ዝናብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕር ያላየ የወሎ ገበሬ እንኳ ከውቅያኖስ ጋራ ጕዳይ አለው ማለት ነው።

፯. ለመምህራን የሚሆን ምክር

ይህን ትምህርት ለማሳየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ወረቀት ወይም ሁለት ጨርቅ ወስዳችሁ ጫፍ ለጫፍ አጋጥማችሁ በጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በመጋጠሚያው ላይ ዱቄትና ዐመድ አንድ ንብር ዱቄት፥ አንድ ንብር ዐመድ እያደረጋችሁ አራት ጣት ያህል ከምሩና ጠቅጠቅ አድርጉት። ከዚያም ሁለቱን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳቡ። ክምሩ በመካከሉ ሲሰምጥ፥ በዳርና በዳሩም ደረጃ የመሰለ ስብራት ሲወጣ ታያላችሁ። በዚያ ጊዜ መካከሉን አፋር፥ ዳሩን አምባሰል፥ በዳሩ ላይ ያለውንም ትንሽ ስርጕድ ሐይቅ ብላችሁ ስም አውጡለት። ልጆቹ አይረሱትም።

ደግሞም በሐይቁ ዳር ወይም በቀበሌያችሁ ባለ ኩሬ አጠገብ ምልክት የተደረገበት እንጨት ትከሉ፤ ተማሪዎቹ በየወሩ የውኃውን ከፍታ እየለኩ በመዝገብ ይጻፉ። ሊቃውንት ከሐይቅ ወለል የተጠራቀመውን ጭቃ አውጥተው ንብሩን እያነበቡ የብዙ ሺህ ዓመት የዝናብና የድርቅ ታሪክ አግኝተዋል። የእናንተም መዝገብ ለሚመጣው ትውልድ እንደዚያ ያለ ንባብ ይሆናል።

አረጋውያንም ድርሻ አላችሁ። በ1953 ዓ.ም. የሆነውን ያያችሁ ወይም ካዩት የሰማችሁ፥ የትኛው ቤት እንደ ወደቀ፥ የትኛው እንደ ቆመ፥ ድንጋይ ከወዴት እንደ ተንከባለለ ለመምህሩ ንገሩት፥ እርሱም ይጻፈው። የት ቤት መሥራት እንደሚገባና እንደማይገባ የሚያሳይ ማስረጃ በእናንተ ዘንድ አለና።

እኒያን ሽማግሌ በኋላ ዳግመኛ ባገኘኋቸው ጊዜ የነገርኋቸው ይህን ነው፤ «አባቴ፥ ቤቱን እዚሁ ይሥሩ፤ ከገደሉ ግን ይራቁ፥ ማገሩንም በደንብ ያሳስሩ።» እርሳቸውም ጥቂት አስበው ሐይቁን ተመለከቱና «እንግዲያስ ይህ ውኃ የባሕሩ ታናሽ ወንድም ነዋ» አሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል ስላላገኘሁ ጽሑፌን በእርሳቸው ቃል እፈጽማለሁ።